የሞርኒ ቆዳ

«ቶሎ በል እንጂ ኡስታ! በቅሎህ አረገዘች እንዴ?»

ቦፓት ይህን ያለኝ ወደ ኋላው ሳይዞር ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። እሱ በእግሩ ከፊት ከፊት ይላል፤ እኔ በበቅሎ ሆኜ ልደርስበት አቃተኝ። ሃያ ዓመት ፈረስ ላይ የኖረ ሰው በእግሩ ሲሄድ ማየት ደስ አይልም። ጉልበቱን ከፈት አድርጎ፣ ኮርቻ ላይ እንዳለ ሰው እየተወላገደ ነበር የሚራመደው።

«በቅሎ ስታረግዝ ያየህ ቀን ቶሎ እልልሃለሁ» አልኩት።

«እስከዚያ እጄ ከኔ ጋር ከቆየ» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ከጉሮሮው አላለፈም።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የፈረስ ምርመራው ሰልፍ በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ማልደን ከሰፈር ስንወጣ እኔ ኮርቻዬ ላይ አንድ ስልቻ የሳምባር ጨውና አንድ የተሳለ ካራ አስሬያለሁ፤ እሱ ትከሻው ላይ አካፋና ጦሩን ይዟል። ከባንዲ ወንዝ መሻገሪያ አጠገብ የቀበራትን ባዝራውን ቆፍረን አውጥተን፣ መዳፍ የምታህል ቆዳ ቆርጠን ካልተመለስን፣ ቀኝ እጁ ከክንዱ ጋር አትውልም።

ከሦስት ዓመት ወዲህ የፓዲሻሁ፣ የንጉሠ ነገሥታችን፣ ፈረሰኛ የሚቀመጥበት ፈረስ ሁሉ በቀኝ ታፋው ላይ የእሳት ማኅተም አለው። ድሮ ጌቶቻችን ለሰልፍ ሲጠሩ ፈረስ ከጎረቤት ይዋሳሉ፣ ሸማኔውንና አትክልተኛውን ጦር ያስይዛሉ፤ ሰልፉ ሲበተን ፈረሱ ወደ ባለቤቱ፣ ሸማኔውም ወደ ድሩ ይመለሳል። በመዝገብ አምስት መቶ ሆኖ ደመወዝ የሚበላ ጦር ጠላት ሲመጣ ሁለት መቶ ይሆናል። ፓዲሻሁ ይህን ሲሰሙ ብረት ላኩ። ከብረቱ ጋር የመልክ መዝገብ መጣ፤ የሰውየው ግንባር፣ ጠባሳው፣ የጆሮው ቅርጽ ሳይቀር የሚጻፍበት። በጌታችን በታኩር ካንጋር ጦር ውስጥ ያን ብረት የማግለውና የምተኩሰው እኔ ነበርኩ። ስሜ ፒሩ ነው፤ ሥራዬ የፈረስ ሰኮና መጥረብና ብረት መምታት ነው፤ ባለሙያ ለማለት ኡስታ ይሉኛል።

እንግዲህ ማኅተም ያለው ፈረስ ቢሞት፣ ባለቤቱ ማኅተሙ ያረፈበትን ቆዳ ቆርጦ፣ በጨው አሽቶ ለመርማሪው ያቀርባል። ካላቀረበ ለጠላት ሸጦታል ነው የሚባለው። አምና አንድ የናጎር ጎረምሳ ማቅረብ አቅቶት እጁን እንጨት ላይ አስቀመጡበት። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ከዚያ ወዲህ ፈረሱ ባስነጠሰ ቁጥር ካራውን ይዳብሳል።

ቦፓትም ሕጉን አሳምሮ ያውቀዋል። ግን ሞርኒ የሞተች ዕለት ካራ ሊያነሳባት አልሆነለትም። እንደ ጣዎስ አንገቷን መዝዛ ስለምትሄድ ነበር ሞርኒ፣ ሴቷ ጣዎስ፣ ያልናት። በጉጃራት ዘመቻ ወንድሙን ሆዱ ተቀዶ ከነነፍሱ ያወጣችለት እሷ ነች። በነሱ ወገን አብሮህ የተዋጋ ፈረስ ወንድምህ ነው፤ ወንድም ደግሞ አይገፈፍም። ሆዷን ቆርጧት ወንዙ ዳር ስትወድቅ፣ ከጧት እስከ ቀትር ጉድጓድ ቆፈረ። ቀይ ጥምጥሙን ከራሱ ላይ ፈትቶ ፊቷን ሸፈነና አፈር መለሰባት። እኔም አጠገቡ ነበርኩ። «ቆዳውን» ልል አፌን ከፈትኩና ፊቱን ሳየው መልሼ ዘጋሁት። ይኸው አሥራ ሁለት ቀን ሆነን።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ ጥሪ የመጣለት መሆኑ ነው። ከአግራ የተላከው መርማሪ ሚር ያድጋር ከየጌታው ጦር ምርጥ ምርጡን ለፓዲሻሁ እንዲለይ ታዟል። አሐዲ ይባላሉ፤ ከፓዲሻሁ በቀር ጌታ የሌላቸው፣ ደመወዛቸው ከግምጃ ቤት፣ ትእዛዛቸው ከዙፋን። የቦፓት ስም ከጦራችን አንደኛ ነበር። መዝገቡ ንጹሕ ከሆነ ነገ አሐዲ ይሆናል፤ ካልሆነ የሚሆነውን ተናግሬያለሁ።

ይህ እሱ የሚያውቀው ጭንቀት ነው። የኔን አያውቅም።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ታኩር ካንጋር አስጠሩኝ። እኚህን ሰውዬ እስከ ዛሬ አንቱ ስላቸው እኖራለሁ፤ የልማድ ነገር ነው። ከዳሱ ሥር ተቀምጠው የአፊም ውሃ ያጣራሉ፤ አፊም የሚያፈዝ ዕፅ ነው። በኛ አገር ጌታ በቀኝ መዳፉ የአፊም ውሃ ያቁርና ለሰዉ ያቀርባል። ከመዳፉ የጠጣ የሱ ሰው ነው፤ አያቶቻችን ሌላ መሐላ አያውቁም ነበር።

«ጠጣ ፒሩ» አሉኝ። ጠጣሁ። ይመራል።

«ነገ ከቦፓት ጋር ትሄዳለህ አሉ።»

«ለምኖኝ ነው ጌታዬ።»

«ሂድ እንጂ፣ ምን ከፋ። ቆዳው ግን እንዳይመለስ።»

የሰማሁት እውነት አልመስል አለኝ። «ጌታዬ፣ እጁን እኮ ነው የሚቆርጡት!»

«እኔ እያለሁ ማን ይቆርጠዋል? በረቴ ውስጥ የሞርኒ እኅት የምትመስል ዳማ ባዝራ አለች። አንተ ትተኩሳታለህ፣ እሱ ይቀመጥባታል። የቁስሉን አዲስነት ለኔ ተወው፤ መርማሪም ሰው ነው፣ ይበላል ይጠጣል። ቦፓት ደግሞ ከመዳፌ ይጠጣል። ዘንድሮ እንዳልጠጣ አላየህም? ጉሮሮዬን አሞኛል ይላል! ዛሬ እሱ ቢሄድብኝ ነገ አርባው ይከተሉታል። ከዚያ በኋላ ታኩርነቴ ለላሞቼ ብቻ ሊሆን ነው።»

«ጌታዬ፣ እኔ...»

«ቦራው እንዴት ከረመ?» አሉኝ በለሆሳስ።

ቦራው አምና ከአጎታቸው ልጅ ተውሰው አምጥተው፣ ባልነበረ ፈረሰኛ ስም በፓዲሻሁ ብረት ያስተኮሱኝ ግንባረ ነጭ ፈረስ ነው። በሰልፍ ቀን የሚቀመጡበት የታኩሩ አትክልተኛ ናቸው፤ ሽማግሌው ጦሩን እንደ መኮትኮቻ ነበር የሚይዙት። ያኔ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ፤ ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኜ ተኮስኩት። ሐሰተኛ ማኅተም የተኮሰ እጅ ምን እንደሚደረግ ለኔ መንገር አያስፈልግም።

«ቆዳው ወንዝ ይግባ» አሉ ታኩሩ መዳፋቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ እያበሱ። «አለዚያ ቦራው አፍ ያወጣል። እኔ ምን አውቃለሁ? ብረቱ ያለው ባንተ እጅ ነው።» ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ያን ዕለት ጧት ከቦፓት ኋላ ስጓዝ ሆዴ ውስጥ ያለው ይህ ነበር።

በመሻገሪያው በኩል ወንዙን ተሻግረን ማዶ ስንደርስ ፀሐይ ገና ወደ መሀል ሰማይ አልወጣችም። ቦፓት ምልክት ያደረገባትን የግራር ዛፍ አየና ሮጠ። ከዚያ ድንገት ቆመ፤ አካፋው ከትከሻው ወደቀ።

ጉድጓዱ ተከፍቷል። ውስጡ የዝናብ ውሃ አቁሯል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ቦፓት ጠርዙ ላይ ቁጢጥ ብሎ ውሃውን በእጁ አማሰለው፣ እዚያ ውስጥ የሚያገኛት ይመስል። እውነቱን ልናገር፤ ባዶ መሆኑን ሳይ ደስ አለኝ። አላህ ራሱ ገላገለኝ፣ እኔም እጄን አላስገባሁበት አልኩ በልቤ። ወዲያው አፈርኩ፤ ደስታው ግን አልሄደም።

«ጅብ ይሆናል» አልኩት።

«ጅብ ከመቼ ወዲህ ነው በአካፋ የሚቆፍር?» የጉድጓዱን ጎን አሳየኝ። ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። ተነስቶ አየሩን አሸተተ። ከወንዙ በታች በኩል ሽታ ይመጣል፤ የቆዳ ፋቂዎች መንደር ሽታ። ቦፓት ሰይፉን መዘዘና አንድ ቃል ሳይናገር ቁልቁል ወረደ። በቅሎዬን እየጎተትኩ ተከተልኩት። ለአንዲት ባዝራ ብሎ ሰው ሊገድል ነው አልኩ በልቤ።

መንደሩ አምስት ጎጆና ሰባት የቆዳ ጉድጓድ ነው። ሴቶቹ ሰይፉን ሲያዩ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ገቡ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከጉድጓዱ ዳር አልተነሱም። እጃቸው እስከ ክርናቸው በቅርፊት ቀለም ጠቁሯል። በኋላ ስማቸው ፔማ መሆኑን ሰማሁ።

«ባዝራዬን ማን አወጣት?» አለ ቦፓት።

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«የአያቴ አያት» አሉ ፔማ። «በዚህ ወንዝ ዳር የወደቀ ከብት የኛ ነው። ታላላቆች የማይነኩትን እኛ እንነካለን፤ የናንተ በሬ ሲሞት 'ኑ አንሱልን' ብላችሁ የምትጠሩን እኛን አይደል? ዘንድሮ ሳትጠሩን መጣን፤ ጥፋቱ እሱ ከሆነ ይኸው አንገቴ።»

«በሬ አይደለችም! ቀብሬያታለሁ!»

«እሱማ መቼ አጣነው! ስንቆፍር መጀመሪያ ያገኘነው ጥምጥም ነው። ሰው መስሎን አካፋውን ጥለን በረርን። ሚስቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ልጄ ተመልሶ ሄዶ 'አባዬ፣ የዚህኛው ሟች ጆሮ ረጅም ነው' አለኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ቦፓት ግን አልሳቀም፤ ሰይፉንም አልመለሰም።

«ጌታዬ» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያዘነ ሰው መሆንዎን ከጥምጥሙ አውቄያለሁ። ግን አፈር ውስጥ ሆና ማንን ትጠቅማለች? አሁን ከቆዳዋ ሁለት የውሃ ስልቻ ይወጣል። በጋ ሲሆን የጠማው መንገደኛ ይጠጣባታል። ይህ ውርደት ነው?»

ቦፓት ሰይፉን ወደ አፎቱ መለሰና፣ ድምፁ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀ፣ «ማኅተሙስ?» አለ። «ታፋዋ ላይ ማኅተም ነበራት።»

«እሱንማ እንዴት እነካዋለሁ?» አሉ ፔማ። «የንጉሥ ምልክት ያለበት ቆዳ ከቤቴ ቢገኝ ዘሬን ያስፈጃል። ዙሪያውን ቆርጬ በጨው አሽቼ ጣራዬ ሥር ሰቀልኩት። ባለቤቱ እጁን የሚወድ ከሆነ ይመጣል አልኩ። ቆዩብን እኮ!»

በንጉሥ ሠራዊት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ያልዋሉት ቆዳ ፋቂ ከሁላችንም ይልቅ ሕጉን ያውቁት ነበር። ገብተው በሰሌን የተጠቀለለ ነገር አመጡ፤ በላዩ ላይ ቀዩ ጥምጥም ታጥቦና ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቆዳ ፋቂ የጌታ እጅ ስለማይነካ፣ እንደ ልማዱ ከእጅ ወደ እጅ አላቀበሉም። ድንጋይ ላይ አኖሩትና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ቦፓት ጥምጥሙን አነሳ። ቆዳውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋና መለሰው። ዳማው ጠጉር ከነልስላሴው ነበር።

«ኡስታ» አለኝ ፊቱን አዙሮ፣ «አንተ ያዝልኝ። እኔ አልችልም።»

ስለዚህ ሞርኒ በኔ ስልቻ ውስጥ፣ በሳምባር ጨው መሀል ገባች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ የፈራሁት እጄ ውስጥ ገባ።

ስንመለስ ወንዙ ከጧቱ ይበልጥ ሞልቶ ነበር። ከላይ ዘንቦ ይሆናል፤ ውሃው ደፍርሶ የበቅሎዬን ሆድ ይመታል። ቦፓት በጦሩ እየለካ ከፊት ገባ። እኔ መሀል ስደርስ ግራ እጄ በራሷ ጊዜ ወደ ስልቻው ሄደች። ማሰሪያውን ፈታሁት። ቆዳውን በጣቴ አገኘሁት፤ የራሴን ማኅተም እዳስሳታለሁ፣ ክብ ሆና መሀሏ መስቀለኛ፣ ሦስት ዓመት የቆየች ጠባሳ። አንዴ ብቻ መልቀቅ ነው። በቅሎዋ ተደናቀፈች፣ ስልቻው ተፈታ፣ ውሃው ወሰደው፤ ማን ይጠይቀኛል? ቦፓት ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ የታኩሩን ባዝራ ይቀመጣል፣ ከመዳፋቸው ይጠጣል። እጁ ትተርፋለች። የኔም ትተርፋለች። እንዲህ ስታሰላው እንደ ጽድቅ ይመስላል።

ቆዳውን ከጨው ውስጥ ግማሽ ድረስ አወጣሁት።

«ኡስታ!» ቦፓት ዞረ። የጦሩን እንጨት ዘረጋልኝ። «ያዝ! ያዝ እንጂ፣ ውሃው ይወስድሃል! አንተ ከሄድክ የበቅሎዋን ምጥ ማን ያዋልዳል?»

ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለኝ። አንዱ የበቅሎዋን ልጓም ይዟል። ጦሩን ለመያዝ ቆዳውን መልቀቅ ነበረብኝ፤ ወደ ውሃው ወይም ወደ ስልቻው። ወደ ስልቻው መለስኩትና ጦሩን ያዝኩ።

ማዶ ወጥተን እሳት አንድደን ልብሳችንን ስናደርቅ ቦፓት የማሽላ ቂጣና ሽንኩርት አወጣ። እኔ አልበላ አልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ታኩሩ ያሉኝን፣ ወንዝ መሀል ላደርገው የነበረውን፣ ቦራውን ሳይቀር። ሆዴ አልችል አለ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቦፓት ቂጣውን እያላመጠ ሰማኝ። ስጨርስ፣ «ቦራውን አንተ ነህ የተኮስከው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ እውነተኛ መስሎኝ ሽማግሌውን ፈረስ አያያዝ ላስተምራቸው ስለፋ ከረምኩ።» ሳቀ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ቂጣውን ገምሶ እጄ ላይ አኖረልኝ። «ብላ፣ አንተ ጅል። እጄን አተረፍክልኝ።»

ሌላ ነገር አላለም። እኔም ዝምታውን እንደ ቃል ኪዳን ቆጠርኩት። በላሁ። ስንነሳ የበቅሎዬን መቀነት ጠበቅ አደረገልኝና «ጠበቀ?» አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ፈረሱን በጫንኩለት ቁጥር እኔን የሚጠይቀኝ እሱ ነበር፤ «ጠበቀ?» ይለኛል፣ «ጠብቋል» እለዋለሁ፣ ከዚያ ይፈናጠጣል። ያን ቀን ገልብጦ መቀለዱ ነው። «ጠብቋል» አልኩና ቀለል ብሎኝ ገባሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ነጋሪቱ ተመታ። ሜዳው ላይ የታኩር ካንጋር ጦር በረድፍ ቆሟል፤ ቦራው ከሦስተኛው ረድፍ፣ ሽማግሌው አትክልተኛ ላዩ ላይ። ቦፓት ቀዩን ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ ፈረስ የሌለው ብቸኛ ሰው ሆኖ ከዳር ቆመ። ሚር ያድጋር ከዳሱ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ልጄ የሚሆን ቀጭን ሰው ነው፤ ጉንፋን ይዞት በመሐረብ አፍንጫውን እየጠረገ ይጽፋል። ታኩሩ ከቀኙ ተቀምጠዋል፤ መዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል።

«ቦፓት» አለ መርማሪው መዝገቡን እያነበበ። «የስንዴ መልክ ያለው፣ ሰፊ ግንባር፣ በግራ ቅንድቡ ላይ የሰይፍ ጠባሳ፣ የቀኝ ጆሮው ጫፍ የተተለተለ። አንተ ነህ። ባዝራህስ?»

«ሞታለች ጌታዬ።»

«ቆዳዋ?»

ቦፓት ወደ እኔ ዞረ። ስልቻውን ይዤ ወጣሁ። ያቺ የሃያ እርምጃ መንገድ ከትናንቱ ጉዞ ረዘመችብኝ። ቆዳውን ምንጣፉ ፊት ዘረጋሁት። ሚር ያድጋር የማኅተሙን ልክ የያዘ የናስ ሰሌዳ አወጣና ላዩ ላይ ገጠመው። ለካው። ገለበጠው። አሸተተውና በዚያ ጉንፋኑ መሀል እንኳ ፊቱን አጨፈገገ።

«ብረቱ ያንተ ነው?» አለኝ።

ታኩሩ ያዩኛል። ዓይናቸው ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሄዶ ተመለሰ።

«የኔ ብረት ነው» አልኩ። «ሦስት ዓመት ሆኖታል። ባዝራዋም የሱ ነበረች።»

ሚር ያድጋር ጻፈ። በቃ፣ የቦፓት እጅ ተረፈች።

ከዚያ ጨው በብር ሳህን አመጡ። ቦፓት ተንበርክኮ በጣቱ ጫፍ ቀመሰና የተባለውን ቃል ደገመ። የፓዲሻሁን ጨው በልቻለሁ፤ ከሳቸው በቀር ጌታ የለኝም፤ ዓይኔ ያየውን፣ ጆሮዬ የሰማውን ከሳቸው አልሸሽግም። ሲነሳ ከሰልፉ ውስጥ አንዳንዱ ጦሩን አወዛወዘ። ታኩሩ መዳፋቸውን አጠፉ።

ወደ ቦታዬ ልመለስ ዞር ስል ነው ሚር ያድጋር ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ እንደ ዋዛ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀው። ለአዲስ አሐዲ ሁሉ የምትጠየቅ ጥያቄ ነች አሉ፤ እኛ ግን ከመካከላችን አሐዲ የሆነ ሰው ስለሌለ አናውቃትም ነበር።

«አሐዲ ቦፓት፤ ከመጣህበት ጦር ውስጥ እውነት ያልሆነ ማኅተም አለ?»

ቦፓት ታኩሩን አላየም። እኔን አየኝ። ከንፈሩ ላይ የቀረውን ጨው በምላሱ ጠረገ። አትበል፣ ቦፓት፣ አትበል እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት። አንዲት ቃል ነች፤ የለም ቢል ማን ያውቃል? ትናንት ቂጣህን ገምሰህ አላበላኸኝም?

«አለ» አለ። «ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቦራው።»

«ማን ተኮሰው?»

ሚር ያድጋር ብዕሩን አንስቶ ጠበቀው። ቦፓት ሲናገር ድምፁ የራሱ አልነበረም።

«ኡስታ ፒሩ። ታኩር ካንጋር አዘውት። ራሱ ነግሮኛል።»

ታኩሩ ብድግ ብለው «እኔ አላውቅም! ብረቱ ያለው በሱ እጅ ነው!» ሲሉ ሰማኋቸው። ሚር ያድጋር ይህንንም ጻፈ፤ ጨርሶም በትሕትና፣ «ይህንኑ አግራ ድረስ መጥተው ለፓዲሻሁ ይነግሯቸዋል» አላቸው። ሁለት ጠባቂዎች ከግራና ከቀኛቸው ቆሙ። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞሮ አሐዲ ለመሆን የሚሻ ወደ ፊት ይውጣ አለ። ታኩሩ አርባ ብለው ነበር፤ ስልሳ ሦስት ወጡ። ለአሥር ትውልድ ከአንድ መዳፍ ሲጠጣ የኖረ ጦር ቀትር ሳይሆን አለቀ።

ለኔ እጅ የሚቆረጥበትን ግንድ አመጡ።

«አሐዲ ቦፓት» አለ ሚር ያድጋር አፍንጫውን እየጠረገ፣ «ያዘው።»

ቦፓት መጥቶ ከፊቴ ተንበረከከ። ላንቋሽሸው ነበር፤ የበላበትን ወጪት ሰባሪ ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሳየው ጠፋብኝ። ሞርኒን የቀበራት ዕለት የነበረው ፊት ነው።

«ጨው በልቻለሁ፣ ኡስታ» አለኝ በሹክሹክታ።

«አይቼሃለሁ» አልኩት።

ጠላሁት። ያን ሰዓት ከታኩሩም፣ ከዚያ ጉንፋናም ልጅ ይልቅ እሱን ጠላሁት። እጁን ወደ ራሱ ሰደደና ቀዩን ጥምጥም ፈታው። ባዝራዋን የሸፈነበትን፣ ፔማ አጥበው የመለሱለትን። ከክርኔ በታች አዙሮ አዙሮ ጠመጠመው፤ ደሜ እንዳይፈስ፣ በጥርሱ ጭምር እየሳበ አጠበቀው። ጣቶቼ ደነዘዙ።

«ጠበቀ?» አለኝ።

የልማድ ነገር ሆኖ አፌ ከኔ ቀደመ።

«ጠብቋል» አልኩት።

እሱም ክንዴን በሁለት እጁ ይዞ ግንዱ ላይ አስተኛው።